ያ የሀዋሳ መርፌ

«በመርፌ ገደሉብኝ!» አለ አምሀ፣ ድንኳን ለሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ። «በእግሯ የሄደችውን ሴት!»

«ተው ልጄ» አሉት አማቱ እትዬ ስንቄ፣ ክንዱን እንደያዙ። «አንተ ያላደረግህላት ነገር የለም። ሀዋሳ ድረስ ወስደህ አሳክመሃታል።»

ሚስቱ ሚስጥር ነገሌ ገበያ ላይ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። ምን እንደነካት ሳይታወቅ ከሳች፤ ድዷ ሳይቀር ጠቆረ። ለከብት የሚገዛውን ጨው እየሰበረች ትልስ ጀመር። የወታደር ሠፈር ወሬ አያድርበትምና «አረገዘች» ተባለ። አምሀም አብሮ ሳቀ። የደነገጠው ስትወድቅ ነው።

ሀዋሳ ደም ቀዱላት፣ አንድ መርፌ ወጓት፣ ቆይተው ደግሞ ቀዱ። ጉሉኮስም ተሰቀለላት። «ውጤቱ ነገ ነው» ተባለ። እሷ ግን ቀና ብላ «ራበኝ!» አለች። እሰይ! መርፌው ፈውሷታል፤ ከዚህ በኋላ ምን ነገ ያስፈልጋል? አምሀ የሠራዊቱ ሹፌር ነውና ወደ ነገሌ የሚመለስ ኦራል መኪና አላጣም። አሳፍሯት መጣ። ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ ያመሰገነው መርፌም ገዳይ ሆነበት።

በሰልስቷ የሠፈሩ ነርስ ፋይዳ መጣች። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጥናህ» ብላው አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ ሕመሟና ስለ መርፌው ሲነግራት እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«አምሀ፣ እሱ መርዝ አይደለም» አለችው ቀስ ብላ። «መድኃኒትም አይደለም። ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነው፤ መመርመሪያ። ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ ትሠራ እንደሆነ በሱ ይታያል። ካልሠራች በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይታዘዛል።»

«ታዲያ ቀና ያለችውስ?»

«ጉሉኮሱ ይሆናል።»

«ክኒኑን ብትውጥ ኖሮ...»

«እየዋጡ የሚኖሩ አሉ።»

ዞረበት። ሲረግመው የሰነበተው መርፌ ነጻ ወጣ፤ ታዲያ ማን ገደላት? በሽታው? ኦራሉ? እሱ? ወይ ጣጣ! የሚያለቅሰው ለሷ ይሁን ለራሱ ጠፋበት።

የእትዬ ስንቄ ጆሮ ደከም ያለ ነው። «ምን አለችህ?» አሉት።

የፈለገውን ማለት ይችል ነበር።

«ቸኩዬ አመጣኋት እማማ። ውጤቱን አልጠበቅሁም።»

አሮጊቷ ክንዱን ለቀቁ። አምሀ ተነሥቶ ወደ ድንኳኑ በር ሲሄድ፣ ከዱብሉቅ የመጡ ዘመዶች «ወይኔ ሚስጥር! ምን አግኝቷት ነው?» እያሉ ገቡበት።

«ታማ ነው» አሉ እትዬ ስንቄ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት።

ቀና ብለው አላዩትም። ፍራሹ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉለት።