ለወንድም ጎንትራን የታዘዘ ንባብ

ወንድም ጎንትራን የታመመው ነፍሱን ነበር። ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። መጀመሪያ ጸሎት ሰለቸው፣ ቀጥሎ ምግብ፤ በመጨረሻም ከአልጋው መነሣት ተወ። በቡርጎኝ ባለው ገዳማችን ለዚህ በሽታ የምናውቀው መድኃኒት ንባብ ብቻ ነው። አበምኔቱ፣ ቃል እንደ ምግብ ታኝኮ ሲዋጥ ነፍስን ይጠግናል ብለው፣ አስታማሚው ወንድም ኤብራር ጧትና ማታ እንዲያነብለት አዘዙ።

ኤብራር አነበበ። የሰማዕታትን ገድልና የአበውን ምክር፣ ድምፁ እስኪዘጋ አነበበ። ዐቢይ ጾም ተጋመሰ። ጎንትራን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል። ይሰማሃል ወይ ቢባል፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚሰማውን ያህል ይሰማኛል አለ። የባቄላ ሾርባው ሳይነካ ይመለሳል፤ ክንዱ ሸንበቆ አከለ።

መናገር በተከለከለበት ሰዓት እኛ በእጅ እንነጋገራለን። መጽሐፍ የፈለገ ሰው ገጽ እንደሚገልጥ መዳፉን ያገላብጣል። የአረማዊ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ እንደ ውሻ ጆሮው ሥር ያካል፤ ያላመነ ከውሻ አይሻልም ተብሎ ነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጎንትራን መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ አገላበጠና ጆሮው ሥር አከከ።

ኤብራር እየሮጠ መጻሕፍት ጠባቂው አባ አንሴጊስ ዘንድ ሄደ።

«በጾም?» አሉ ሽማግሌው። «ሰማዕታቱ ያላስነሡትን ውሻ ሊያስነሣው ነው?»

«ጠየቀ እኮ፣ አባ። ከገና ወዲህ አንድ ነገር ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።»

አባ አንሴጊስ፣ አበምኔቱ ቢሰሙ ለቅጣት የምትንበረከከው አንተ ነህ እያሉ አጉረመረሙ፤ ቢሆንም የአንድ ጥንታዊ ሮማዊ ገጣሚ መጽሐፍ አወጡለት።

ኤብራር መጽሐፉን ጎንትራን ደረት ላይ አኖረው። «ይኸው፣ የጠየቅኸው።»

«ምን ጠየቅሁ?»

ኤብራር መዳፉን አገላበጠ፤ ጆሮው ሥር አከከ።

ጎንትራን ገባው። ሊስቅ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ግን አልሆነለትም።

«ቅማል ነው፣ ወንድሜ» አለ። «በላኝ።» ቀጥሎም፣ «ንባብህን አታዝንብብኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኤብራር ጠጉሩን ገልጦ ፈለገ። አንዱን አገኘ፤ ሌላም ነበር። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ለቀመለት። ከዚያ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ፣ መጽሐፉን አንሥቶ ከተገለጠበት ማንበብ ጀመረ።