ዝም ካለች ወዳለች

ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናት አንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ መቅደላ መቶ አስር ገጽ ጽፋለች። ለማስተርስ መመረቂያዋ ነው፤ በደራሲዋ ልብ ወለዶች ውስጥ ያሉ ሴቶች እንዴት እንደሚነቁ፣ ራሳቸውን እንዴት እንደሚያውቁ ይተርካል። የምትኮራበት ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ሴቲቱ በወንዶች ፊት ዝም ስትል እንቢ ማለቷ ነው ይላል፤ ያውም ከሃያ ሁለት ማስረጃ ጋር።

እንግዲህ ይህችው አዋቂ ባለፈው እሑድ ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ፣ አባቷ ቤት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ዝም አለች።

ሽማግሌዎቹን የላከው ኤርሚያስ የሚባል የሐራ እህል ነጋዴ ነው። መቅደላ ሁለት ጊዜ ብቻ አይታዋለች። ከሠርጉ በኋላ ማስተማሩም መማሩም ይቅርባት ብሎ አስነግሯል። አባቷ አቶ ሽፈራው ግን፣ መቼም ለዚህ ይመሰገናሉ፣ «ልጄን ሳልጠይቅ አልሰጥም» ብለው አስጠሯት።

«ምን ትያለሽ ልጄ?»

አንገቷን ደፍታ በልቧ እንቢ፣ እንቢ፣ እንቢ አለች። አባቴ ፊቴን አይቶ ይረዳኛል ብላ ነበር፣ ሞኝ!

«ተመስገን! ዝም ካለች ወዳለች» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

ረቡዕ ጠዋት ወልድያ ላይ ጥናቷን አቀረበች። ከፈታኞቹ አንዷ ዶክተር ሊዲያ ሦስተኛውን ምዕራፍ ገለጠችና ጠየቀቻት።

«ይህች ሴት ሐብሩ ተወልዳ ቢሆን፣ እንዲህ ዝም ስትል ምን ያደርጓት ነበር?»

«ይድሯት ነበር» አለች መቅደላ።

ፈታኞቹ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። «እጅግ በጣም ጥሩ» ሰጧት። እሷ ግን ደስታው አጠገቧም አልደረሰም። ቀጥታ መናኸሪያ ሄዳ የመርሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሲሪንቃን እስኪያልፉ ድረስ «እንቢ» የምትል አንዲት ቃል ስታነበንብ ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ደጋግማ አየቻት።

አባቷን ከእናቷ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ቤት አገኘቻቸው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተናገረች።

«አባባ፣ እኔ ይህን ሰው አላገባም። ያን ቀንም እሺ አላልኩም።»

«ጠየቅሁሽኮ!» አሉ አቶ ሽፈራው። «ሦስት ትልልቅ ሰው ፊት ጠየቅሁሽ፤ ዝም አልሽ። አሁን ምን ብዬ ልመለስ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

«ልጥፋ እንግዲያ!» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ላይ ጮኸች፤ ከዚያ እግሮቻቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። አቶ ሽፈራው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መቅደላ ተስፋዋ ያን ጊዜ ተቆረጠ።

«እኔም ዝም ያልኩት ወድጄ አልነበረም» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«ምን አልሽ?» አሉ ባላቸው።

«ለአንቱ የዳሩኝ ቀን። አባቴ ጠየቁኝ፤ እንቢ ማለት ፈርቼ ዝም አልኩ። እነሱም እልል አሉ።»

አቶ ሽፈራው ሚስታቸውን ትክ ብለው አዩ። ደነገጡም፣ ተቆጡም።

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ይኸው ለመድሽው አይደል? እሷም ትለምደዋለች!» ብለው ስልካቸውን አወጡና ለትልቁ ሽማግሌ ደወሉ፤ ነገሩ እንዳለ ነው ሊሏቸው።

ወይዘሮ ዘነበች ባላቸውን አንተ ብለው አያውቁም፤ በስማቸውም ጠርተዋቸው አያውቁም። ልጃቸውን ከወደቀችበት አነሱና ከጎናቸው አቆሟት።

«ሽፈራው» አሉ፤ «ልጂቱም እናቲቱም እንቢ አሉ በላቸው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ አልለመድኩትም።»