የትልቁ ድስት ክዳን

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድራችን የትልቁ ድስት ክዳን ጠፍቷል!»

ቅዳሜ፣ አምበር ገበያ ሞልቶ ሳለ፣ ደምለው ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፍቶ ይህን አወጀ። ደምለው የእድሩ ለፋፊ ነው፤ ያለው ድምፅም አንድ ብቻ ነው። ሰው ሲሞትም፣ በግ ሲጠፋም፣ ውኃ ሲቋረጥም በዚያው ድምፅ ነው የሚናገር። ስለዚህ ጥሩምባው ሲነፋ ገበያተኛው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የጠፋው ክዳን መሆኑን ሲሰማ መልሶ ደፋ።

ሙላት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሰማ። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ እሱ ነው፤ ቁልፉም የሚንጠለጠል ከእሱው በር ጀርባ ካለች ምስማር ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንኪያ እንኳ ጠፍቶበት አያውቅም፤ የክዳኑም መጉደል የታወቀ በዚያው ሳምንት ዕቃ ሲቆጠር ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ግን የደነገጠው ለክዳኑ አልነበረም። ዞር ብሎ ሚስቱን አየ።

የብርጓል ምስር ትለቅማለች።

«ማን ሞተ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ማንም። ክዳን ጠፍቶ ነው።»

«እሰይ። ክዳን ይጥፋ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ወንድ ልጃቸው ይስማው፣ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ በጥቅምት ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ። ባገሩ ወግ ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው አባትና እናቱን ማርዳት ነበረባቸው። የብርጓል ግን በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሄዳ የዓይኗን ሞራ አስገፍፋ ተመልሳ፣ ዓይኗን ታስራ ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት እንዳያለቅሱ» ብሎ አስጠንቅቋል። ሽማግሌዎቹ መከሩና ሙላትን ብቻ ጓሮ ጠርተው አረዱት። ሊጮህ አፉን ሲከፍት አንደኛው በእጁ ከደነለት። «ቻል» አሉት። እሱም ቻለ።

ስድስቱ ሳምንት አለቀ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲቀመጡ ገና ደርሶ ነበር፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። ከዚያ ሴት ልጃቸው ወር ገባች፤ አራስ ቤት ለቅሶ አይገባም ተባለ። ልጅቱ በሰላም ተገላገለች፣ እንግዲህ ይሁን ሲባል ሐኪሙ ለሁለተኛው ዓይን ቀጠረ። ሁዳዴም አለፈ። ፋሲካም አለፈ። መርዶው እንደ ቀበሌ ስብሰባ በየጊዜው ይራዘማል፤ ምልዓተ ጉባኤው ግን አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።

ሙላት አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር፦ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ። ስለዚህ ልጁን በሕይወት ማቆየት ነበረበት። የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የብርጓል «ዓይኔን ጠበል ልጠመቅ» ብላ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ኪዳነ ምሕረት ውላ ስትመለስ፣ ፊቷ እንደ አመድ ነጥቶ አየና ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«ይስማው ደውሎ ነበር» አላት።

ቆም ብላ አየችው። «ምን አለ?»

«ደህና ነኝ አለ። ኔትወርኩ አስቸግሮን...»

«ብርድ ልብስ አለው ወይ?»

«መተማ በረሃ አይደል እንዴ! ምን ብርድ አለ?»

«ሌሊት ይበርዳል» አለችና ገባች።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ይስማው ይደውላል። ሙላት ለሞተ ልጁ ብርድ ልብስ ገዛለት፤ ጥርሱን አሳከመለት፤ ጥር ላይ ከአለቃው ጋር አጣላው፤ ጾም ሲገባ አስታረቀው። የብርጓል ሁሉንም በጥሞና ትሰማለች። አንዳንዴም ትመክራለች፦ «ያ አለቃው ክፉ ሰው ነው፤ ይተወውና ይምጣ በለው።»

ሰፈሩ የሙላትን ደረቅ ዓይን እያየ ስም ያወጣለት ጀመር። በመጀመሪያው ወር «ጨዋ» አሉት። በሦስተኛው «ቻይ ነው፣ ሆደ ሰፊ ነው» ተባለ። በአምስተኛው «እንዲያው ዝም ብሎ ሰው ነው» አሉ። በሰባተኛው ወር ወፍጮ ቤት አንዲት ሴት «ልቡ ደንዳና ባይሆን እንዲህ በልቶ ያድራል?» ስትል በጆሮው ሰማ። ፊቱ ያው የጥቅምቱ ፊት ነበር። ቃሉ ብቻ ነው የተለዋወጠ።

ይህንኑ ለመሪጌታ ደመላሽ አጫወታቸው። መሪጌታ ዲማ ተምረው የኪዳነ ምሕረትን ቆሎ ተማሪዎች የሚያስተምሩ፣ በሽማግሌዎቹ ጉባኤም ወንበር ያላቸው ሰው ናቸው።

«የኔታ፣ እኔ የትኛው ነኝ?»

«ታጋሽ ማለት የሚጠብቀው ያለው ነው» አሉ መሪጌታ። «ገበሬ ይታገሣል፤ ዝናብ አለው። ቻይ ግን የሚጠብቀው የለም። አህያ ቻይ ናት፤ ጭነቱ ቢወርድላት ነገ ሌላ ይጫናታል።»

«ታዲያ እኔ አህያ ነኝ?»

«ጭነትህን እያየሁ ነው የምናገር።»

«እርስዎስ? ይህን ሁሉ ሰው ምሥጢር ይነግርዎታል፤ ትንፍሽ አይሉም።»

«የእኔ አርምሞ ነው። ቃል እያለህ መተው» አሉና ጺማቸውን ያዙ። «እሱም ቢሆን ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም።» ሌላ ነገር ሊሉ የነበረ ይመስላሉ፤ አላሉም።

ክዳኑ በታወጀ ማግስት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ሙላት ቤት ተሰበሰቡ። ለየብርጓል የተነገራት ስለ ክዳኑ ሊመክሩ መሆኑ ነው። ደምለውም ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የብርጓል ጠላ ቀድታ ወደ ጓዳ በገባች ቁጥር ስለ መርዶው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፤ ብቅ ስትል ስለ ክዳን ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ሰኔ ሳይገባ ይሁን፤ እርሻ ሲጀመር...»

«መጣች። እኔ ክዳኑ ባለፈው ሠርግ ላይ ነው የጠፋ ባይ ነኝ!»

«ጋሼ ሙላት፣ እኔስ ለሁለተኛ ጊዜ ልለፍፍ?» አለ ደምለው።

በዚህ መሐል ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የኪዳነ ምሕረቷ መነኩሲት እማሆይ ታየች ናቸው። በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው በጆንያ የተጠቀለለ ክብ ነገር ይዘዋል። ገቡና ጆንያውን ፈቱት።

«ትናንት ገበያ ላይ ይኸ ልጅ ሲጮህ ሰምቼ ነው። ይኸው ክዳናችሁ።»

«እሰይ! የት ተገኘ እማሆይ?» አለ ደምለው።

«የት ይገኛል? ከእኛው ቤት። የብርጓል ኅዳር ላይ የይስማውን አርባ ስታወጣ ተማሪዎቹን ያበላችበት ድስት አይደል? ድስቱን አስጭና ሄዳ ክዳኑን ረሳችው። እኔም ሽሮ ስከድንበት ከረምሁ። ይቅር በሉኝ።»

ደምለው ጥሩምባውን ከጉልበቱ አንሥቶ መሬት አስቀመጠ።

ሙላት መሪጌታን አያቸው። መሪጌታ ጺማቸውን ይዘው መሬት ያያሉ። ከዚያ በር ጀርባ ያለችውን ምስማር፣ የተንጠለጠለውንም ቁልፍ አየ። ያኔ ጥቅምት ላይ ጓሮ ቆመው «ቻል» ሲሉት፣ የብርጓል ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ ነበር፤ የታሰረው ዓይኗ ነበር እንጂ ጆሮዋ አልነበረም። ልጇን ዘክራ፣ ኪዳነ ምሕረት ውላ፣ እጇ ሽንኩርት እየሸተተ በገባችበት ማታ ነው እሱ «ይስማው ደውሎ ነበር» ያላት። እሷም ስለ ብርድ ልብስ ጠይቃዋለች።

የብርጓል የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። ክዳኑን ከእማሆይ እጅ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ለደምለው ሰጠችው።

«ተገኝቷል ብለህ ንገርላቸው» አለች።

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ኋላ አፏን ገጠመችና፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ማንም ሳያረዳት፣ ነጠላዋን አውልቃ ዘቅዝቃ ለበሰች።