ቢጫ እምቢ ያለው ቱቦ

በእኛ ላቦራቶሪ ቢጫ የደስታ ቀለም ነው። ከዓሣው አንጎል የተዘጋጀው ፈሳሽ ማሳያ ኬሚካል ሲጨመርበት ቶሎ ቢጫ ከሆነ፣ የዓሣው ነርቭ ጤነኛ ነው። እንደ ውኃ ቀለም አልባ ሆኖ ከቀረ ግን ከእርሻ የታጠበ ፀረ-ተባይ ነክቶታል። ይህን ያወቅኩት ተምሬ ሳይሆን ዕቃ እያጠብኩ፣ አለቃዬ ለሌሎች ስታስረዳ እያዳመጥኩ ነው። "ጋሼ ጆሮ" የምትለኝም ለዚህ ነው።

ወንዙ ውስጥ ዓሣ የምናቆይበት ሁለት የሽቦ ቅርጫት አለን፤ አንዱ ከእርሻዎቹ በታች፣ አንዱ ከእርሻዎቹ በላይ። የታችኛውን ዓሣ ከላይኛው ጋር እናስተያያለን። የላይኛውን ራሱን የጠረጠረው የለም። እኔም አምኜው፣ ቧንቧችን ከተቋረጠ ወዲህ ለነፍሰ ጡር ልጄ ከዚያው ቦታ በጀሪካን ስቀዳ ከረምኩ። አፍልታ ነው የምትጠጣው፤ ፀረ-ተባይ ግን እንደ ተውሳክ በእሳት አይሞትም።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ሁለቱን ቱቦ ወደ መስኮቱ አነሳች።

"እኩል ናቸው። ተመስገን ይበሉ ጋሼ ጆሮ፣ ወንዙ ድኗል።"

ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩና ቀረሁ።

"እኩልስ እኩል ናቸው። ቢጫው የታለ?"

"ዛሬ ደግሞ ጋሼ ዓይን ሆኑ?" ብላ ሳቀች። "ማሳያው አርጅቶ ይሆናል።"

ለማረጋገጥ እዚሁ ገንዳ ውስጥ ካደገ ዓሣ ወስዳ ሞከረችው። ወዲያው ቢጫ ሆነ። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

"ከላይ በኩል አዲስ እርሻ ተከፍቷል እንዴ?" አለች ቀስ ብላ።

ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። ጋዋኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ "አቤቱ፣ በእኔ ጥፋት እሷን አትቅጣብኝ" እያልኩ ነበር።

በሩን ስከፍት መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ብርጭቆ ይዛለች።

"አባዬ፣ ጅብ ያባረረህ ትመስላለህ።"

"ስልክሽስ?"

"ቻርጅ ላይ ነው። ምነው?"

"ከጀሪካኑ ነው የቀዳሽው?"

"ካንተው ውኃ ነዋ። ከትናንት ጀምሮ አፌን ምራቅ እየሞላኝ ተቸገርኩ፤ በሱ ላወራርደው ብዬ ነው። እርግዝና ነው ይላሉ።"

እርግዝናም ምራቅ ያበዛል። ያ መርዝም ያበዛል፤ እጅም ያንቀጠቅጣል፤ ይህንንም ሰምቻለሁ። ብርጭቆውን ከእጇ ወሰድኩ።

"ጫማሽን አድርጊ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ጀሪካኑን ምን ልታደርገው ታነሳዋለህ?"

"ሐኪሙ ይየው።"

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ወይም ክንዴ ነው።