የአያቴ የክር ሳጥን

አያቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ሲይዘው አጎቶቼ ተማክረው የስፌት መኪናውን በር ላይ ካለው ሱቃቸው አንስተው አልጋቸው አጠገብ ተከሉት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲጠማቸው አንዱ፣ መቀስ ሲፈልጉ ሌላው ይሮጣል። በስድስት ወር ኪሎ ጨመሩ፤ ያለ ደጋፊ መነሳትም አቃታቸው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ "ከሕመሙ ይልቅ መቀመጡ ነው የሚያሽመደምዳቸው፤ በየቀኑ ይራመዱ" አለች። አጎቶቼ በአክብሮት ሰምተው ሲያበቁ ወፍራም ትራስ ገዝተው መጡ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሏል ይኼ ነው።

ሰኞ እነሱ ሥራ ሲሄዱ የክር ሳጥኑን አንስቼ ማዶ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ክሬን አምጪ!"

"እግር የለዎትም እንዴ፣ እማማ?"

"አንቺ አሳዳጊ የበደለሽ! ማነው ያሳደገሽ?"

"እርስዎ ነዎታ!"

የጨርቅ መለኪያ እንጨታቸውን ጨብጠው፣ መኪናውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ግን አልወደቁም። አምስት እርምጃ ተራምደው እንጨቱን ሲሰነዝሩ ሳጥኑን አቅፌ አመለጥኩ።

"የት አባሽ ትደርሻለሽ!"

ከዓይናቸው እንዳልጠፋ ቀስ እያልኩ ወደ ሱቃቸው ሸሸሁ።