የኪዳነወልድ ዜማ

ወይዘሮ የሺወርቅን ተከራክሮ የረታ ሰው ሰበታ ውስጥ ገና አልተወለደም። በርበሬ ወፍጮዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቀበሌውን፣ መብራት ኃይልን፣ የሚኒባስ ረዳቱን፣ የሚያልፈውን ቄስ ሳይቀር በምላሷ ትገርፋለች። በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኒ የምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት አዲስ መዝሙር አሰምታ አዳራሹ ሁሉ እንባውን ሲጠርግ፣ ወይዘሮ የሺወርቅ ብቻዋን ተነሥታ፣ «ይህ ዜማ ዘፈን ዘፈን ይሸታል። ሰይጣን ነጠላ ስለለበሰ መልአክ አይሆንም!» አለች። መዝሙሩ ታገደ። ልጅቷም አንዲት ቃል ሳትመልስ ወጣች።

ይህን ሁሉ ልብ የሰጣት አንድ ነገር ነው። ማንም እንከን ያላገኘበት፣ ደብሩ በየዓመቱ በንግሡ ዕለት የሚዘምረው አንድ ዜማ ከእሷ ቤት ወጥቷል። ልጇ ኪዳነወልድ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ሦስት ቀን ብቻ ታሞ ሞተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከትምህርት ቤት እየዘገየ ሲመጣ «የት ነበርክ?» ትለዋለች። «መዝሙር ጥናት» ይላታል። አንድ ዜማ ከአፉ አይለይም ነበር። «ግጥሙስ?» ስትለው፣ «ገና ነው እማዬ፤ የያዝኩት ዜማውን ብቻ ነው።»

ልጄ ዜማ እየደረሰ ነው ብላ ደስ አላት። ሲሞትባት ግጥሙን ራሷ ጻፈችለት፤ «ከደጅህ ደረስኩኝ፣ መሽቶብኝ መጣሁኝ» ብላ ጀመረችው። እነሆ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ሰዉ «የኪዳነወልድ ዜማ» እያለ ይዘምረዋል። ነገ እሑድም ንግሥ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስልኳ ድምፅ እምቢ ስላላት (የበርበሬ ብናኝ ገብቶበት ነው) በጅማ መንገድ ዳር አዲስ ወደ ተከፈተ የስልክ ጥገና ቤት ሄደች። ባለቤቱ ዳዲ የፉሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

ደፉን እንደ ረገጠች ክው ብላ ቀረች። ከጠረጴዛው ጥግ ከተቀመጠው ድምፅ ማጉያ የሚወጣው የልጇ ዜማ ነው።

«ዝጋው!»

ዳዲ መበየጃውን ጥሎ ብድግ አለ። «ምን ሆኑ እናቴ? ማሎ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! የልጄን መዝሙር ማን ሰጠህ?»

«የምን መዝሙር?»

«አታታልለኝ! ቃሉን አውጥታችሁ፣ ዜማውን አቻኩላችሁ፣ በማሽን ጢጥ ጢጥ ስላሰኛችሁት የማላውቀው መስሎህ ነው? የተሰረቀ በሬ ቀንዱን ቢቀቡት ባለቤቱን አያታልልም!»

«እናቴ፣ ይህ እኮ የጌም ሙዚቃ ነው።»

«የምን?»

«የጌም። በቴሌቪዥን የምንጫወተው የልጆች ጨዋታ አለ አይደል? የልጅነቴ ስለሆነ ሥራ ስሠራ እከፍተዋለሁ። የጃፓኖች ነው።»

«ጃፓን ድረስ ሸጣችሁት!»

ዳዲ ሳቁ አመለጠው። ዓይኗን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና የኮምፒዩተሩን ስክሪን ወደ እሷ አዞረላት። ምስር ምስር በሚያካክሉ ነጥቦች የተሳለች ጀልባ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ትወዛወዛለች። ከሥሯ የማይነበብ ፊደል አለ፤ ከፊደሉ አጠገብ ደግሞ ዓመተ ምሕረት።

«ይኸው፣ በእኛ 1980 ነው የተሠራው።»

ወይዘሮ የሺወርቅ የዕድሜ ልክ ተከራካሪ ናትና ማስረጃ ስታይ ታውቃለች። «በ1980 ኪዳነ የአራት ዓመት ልጅ ነበር» አለች፣ ለራሷ ብቻ እንደምትናገር።

«ማን አሉኝ?»

«ኪዳነወልድ። ልጄ።»

ዳዲ አተኩሮ አያት። «ኪዴ? ያ የጌሙን መጫወቻ ጆይስቲክ ገልብጦ የሚይዘው፣ ግራኙ ኪዴ?»

ልጇ ግራኝ ነበር። ስትቆጣው ኖራ፣ ማንኪያ ብቻ በቀኝ እንዲይዝ አስለምዳው ነበር። ይህን ከቤቷ ሰው በቀር ማን ያውቃል? አልቀመጥም ያለችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የት ታውቀዋለህ?»

«እዚህ ሰበታ ነበር የምማረው። ከክፍል ስንወጣ አብረን ጌም ቤት…»

«ልጄ መዝሙር ጥናት ነበር።»

ዳዲ አንገቱን ደፍቶ የተበተኑ ብሎኖች መሰብሰብ ጀመረ።

«ተናገር እንጂ! የሞተ ሰው ምስጢር የለውም። በየቀኑ ነበር?»

«በየቀኑ፣ እናቴ» አለ በመጨረሻ። «ግን እንደኛ አልነበረም። እኛ ማሸነፍ ነው የምንፈልገው። እሱ ጀልባዋን ማዕበሉን ያሳልፍና እዚህ ወደቡ ላይ ሲያደርሳት ጆይስቲኩን ያስቀምጣል። እዚህ ጠላት አይመጣም፤ ይኼ ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ተራችንን በላኸው ብለን እንሰድበዋለን፣ በጥፊ እንለዋለን፣ እሱ ‹እስኪያልቅ ዝም በሉ› ነው መልሱ። ሲወጣ ደግሞ አያናግረንም። ‹እንዳይጠፋብኝ፤ ቤት ሳላደርሰው አላወራም› ይላል። ከጎረቤት ፍም ለምኖ የሚሄድ ሰው ነበር የሚመስለው።»

«ቤት ሳላደርሰው?»

«እንደዚያ ነበር የሚለው።»

ዜማው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ። ወይዘሮ የሺወርቅ አሁን ነው በእርግጥ የሰማችው። እሷ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎትታ፣ አስለቅሳ የዘመረችው ዜማ እዚህ ይዘላል፣ ይስቃል።

«ሐዘን አይደለም እንዴ ይህ?»

«ሐዘን? ኧረ ምን በወጣው! ተርፈን ወደብ ስንገባ የሚመጣ ሙዚቃ ነው። እንጨፍርበት ነበር እኮ።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

መንገዱ ላይ ፋብሪካ የለቀቃቸው ሠራተኞች ይጋፏታል፤ አልተሰማትም። ውሸታም! በእግዚአብሔር ቤት ስም ዋሸኸኝ! ሃያ ሦስት ዓመት አልቅሳለታለች፤ ተቆጥታው ግን አታውቅም። የሞተ ልጅን እንዴት ይቆጡታል? አሁን ግን ደሟ ፈላ። ቤት ሲገባ ጆሮውን ልትይዘው የምትቸኩል ይመስል እርምጃዋን አፈጠነች። በቁጣዋ መካከል ልጇ ልክ እንደ ጥንቱ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ዜማ ተሸክሞ ሲመጣ ታያት። ቆመች። ከዚያ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ደብሩ ታጠፈች።

አዳራሹ ውስጥ መዘምራኑ ለነገው ይለማመዳሉ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይመታል፤ «ከደጅህ ደረስኩኝ» ይላሉ። ሐኒም ከኋላ ረድፍ ቆማለች። ወይዘሮ የሺወርቅ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ስልክ ጠጋኙ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን እንኳ አልጠየቀችውም፤ ንግሥ መጥቶ አይሰማ ይሆናል። ይህን እያሰበች ሳለች ዓይኗ ሐኒ ላይ ወደቀ።

«አቁሙ!»

ከበሮው ተቋረጠ። የመዝሙር ክፍል ኃላፊው ፍቅረሥላሴ ፈገግ ብሎ መጣ። «እትዬ፣ ምን አጠፋን? ቃሉን ሳትን እንዴ?»

«ዜማው የልጄ አይደለም። የመዝሙርም አይደለም። የጌም ነው።»

«የምን?»

«የጃፓን ጌም! ልጄ መዝሙር ጥናት ነኝ እያለ ጌም ቤት ነበር የሚውለው። ከዚያ ነው ያመጣው። አሁን ሰምቼ መምጣቴ ነው።»

አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸመቻት። ፍቅረሥላሴ ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። «እትዬ የሺወርቅ፣ በስመ አብ ይበሉ! ይህን መዝሙር ስንት ሰው አልቅሶበታል። ስንት በሽተኛ አልጋው ላይ ሆኖ ጠይቆናል። ይተዉት፤ ማን ሰማ?»

«የሐኒም ያስለቅስ ነበር። አስለቀሰ ብዬ ተውኩላት?»

«የሷ ሌላ ነው።»

«በምን? ንገረኝ፣ በምን ሌላ ሆነ? እናቱ ሰበካ ጉባኤ ስለሆነች?» ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «ሚዛኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ! በሷ ላይ ከሠራ በኔም ላይ ይሥራ። ካልሠራ ደግሞ ሚዛኑ ሐሰተኛ ነው፤ የሷም ይመለስ። ወይ ሁለቱም ይዘመሩ፣ ወይ ሁለቱም ይቁሙ!»

«እንግዲያው መሪጌታ መርምረው እስኪፈርዱ ሁለቱም ይቆያሉ» አለ ፍቅረሥላሴ፣ ላብ እያጠመቀው። «ነገ አይዘመርም ማለት ነው። ያውቁታል? ከሃያ ሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ይሆናል።»

«መቁጠር እችላለሁ።»

ልምምዱ ተበተነ። ልጆቹ እያንሾካሾኩ ወጡ፤ አንዷ በሩ ላይ ሆና ሳይታወቃት ያንኑ ዜማ ስታንጎራጉር ሌሎቹ አፏን ያዟት። ፍቅረሥላሴም ከበሮውን አንሥቶ ሄደ። ሐኒ ብቻ ቀረች። ወይዘሮ የሺወርቅ የምትጠብቀው ስድብ ነበር፤ ስድብ ቢሆን መልሱን ታውቅበታለች።

«እኔ ከዘፈን አልወሰድኩትም» አለች ሐኒ።

«ምኑን?»

«ዜማውን። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ነው። ቃል የለውም። ከየት እንዳመጣችው ግን እንጃ፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ደስ ስላለኝ ግጥም ጻፍኩለት።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ሐኒን ትኩር ብላ አየቻት። ይኸው ልክ እንደሷ፣ ቃል የሌለው ዜማ ከሚወዱት ሰው አፍ ተቀብሎ ቃል ያለበሰ ሌላ ሰው።

«ያን ዕለት ምነው አልተናገርሽ?»

«መቼ ጠየቁኝ፣ እትዬ?»

ወይዘሮ የሺወርቅ የተንሸራተተ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች።

«እናትሽ አሁን ቤት ናት?»

«ናት። ምነው?»

«ተነሺ፣ ውሰጂኝ። ሄደን እንጠይቃት።»