ከሰል የበዛበት ወተት

ባሌ ጅሎ ፍየል ሲገዛ ፊቷን አያይም። ሌላው ደላላ ጥርሷን ሲከፍት፣ ጎኗን ሲዳብስ፣ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞርና ጭራዋ ሥር ያጎነብሳል። በጠጧ ድርቅ ያለ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ «ይህች ጤነኛ ናት» ይላል። ከላላ ወይም ጭራዋ ላይ ከተለጠፈ ግን ባለቤቷ በእናቱ ቢምልም አይሰማውም። «አፍ ይዋሻል፣ ኋላ አይዋሽም» ማለት ይወዳል። ወደ ናይሮቢ የሚጭኑ ነጋዴዎች እንኳ ጅሎ ዞሮ ካላየላቸው መኪና ላይ አያወጡም።

እንግዲህ የራሱን ኋላ ማንበብ ያቃተው ይኸው ሰው ነው።

እኔ ጃለቱ እባላለሁ፤ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሠፈር የግመል ወተት እሸጣለሁ። አማርኛዬን ያመጣሁት ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ነው። ልጅ ሆኜ ከወላጆቼ ጋር ተሰድጄ ድንበሩን ስሻገር ከእሱ ሌላ ብዙም የያዝኩት ነገር አልነበረም። ዛሬ ወደ ታች የሚያልፉ የኢትዮጵያ ሾፌሮች ደጄ ቆመው በዚያው አማርኛ ወተት ይለምኑኛል። ወተቱ ጠዋት ጠዋት ቦሪ ከሚባለው መንደር በሞተር ይመጣል፤ እንደመጣ ግን አልሸጠውም። ወይራ አነድና ትንታጉን የወተት ዕቃዬ ጮጮው ውስጥ ከትቼ አሽከረክረዋለሁ፣ ከሰሉ እዚያው ሲፈጭ ጮጮውን አራግፌ ወተቱን እገለብጥበታለሁ። ወተቱ ይታጠናል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ላዩ ላይም ጥቋቁር ነጠብጣብ ይንሳፈፋል። ያንን ነጠብጣብ እፍ ብሎ የሚገፋ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ከመጣም አልሸጥለትም።

አንድ ጠዋት ጅሎ ከሽንት ቤት ወጥቶ እጁን እየታጠበ፣

«ጃለቱ፣ ሰሞኑን ከሰሉን አብዝተሻል እንዴ?» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ምንም። እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።»

ባል እንዲያው አይጠይቅም። ጮጮዬን አስቀምጬ ወገቤን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጉራቻ» አለኝ፤ ጥቁር ማለቱ ነው።

«ምኑ ነው ጥቁር?»

በአገጩ ወደ ሽንት ቤቱ ጠቆመኝ።

ደሜ ፈላ። «የኔ ወተት ነው አንጀትህን ያጠቆረው? ይህ ሁሉ ሾፌር እየጠጣ የማን ጠቆረ?»

«ቆይ እንጂ፣ ክፉ ነው መች አልኩ? ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ፍየል ብሆን ኖሮ ይሻሙብኝ ነበር» ብሎ ሳቀ።

«ድርቅ ያለ ነው?»

«እሱስ... ይጣበቃል።»

«የፍየሏ አይጣበቅማ!»

«ለዚህ እኮ ነው ከሰሉ ነው ያልኩሽ» አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ገበያ ወጣ።

ከጎረቤታችን ከነጂባ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው። ነጂባ ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ብስኩት ትሸጣለች፤ ወሬውን የምታድለው በነፃ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ የጅሎ ሆድ ጉዳይ እኔ ጮጮ አጥቤ ሳልጨርስ ማንያታን ዞረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና መጨረሻ ላይ የሰማሁት እኔ ነኝ። አንድ የማውቀው ሾፌር ኩባያውን አፍንጫው ሥር አድርጎ «እትዬ ጃለቱ፣ ሆድ ያጠቁራል የሚሉት ይኼኛው ነው?» አለኝ። ኩባያውን ከእጁ ነጠቅኩት። የሚቀጥለው ደንበኛ ወተት ሳይሆን ሻይ እንዳማረው ነግሮኝ ወደ ነጂባ ዞረ። እናቴ ያስተማረችኝ፣ ስሜ የተጠራበት ወተት በአንድ ደላላ ሽንት ቤት ምክንያት ሲዋረድ ዝም ብዬ የማይ ሴት አይደለሁም።

የዚያኑ ዕለት ጅሎ ሲመለስ ፍርዴን ነገርኩት። «ከዛሬ ጀምሮ የኔን ወተት በአፍህ አታደርጋትም። ጥቁሩ ከቀረ ጮጮዬን ሰብሬ ማንዳዚ እጠብሳለሁ። ካልቀረ ግን ገበያ መሃል ቆመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«ማንን? አንቺን ነው ወተቱን?»

«ሁለታችንንም!»

ተስማማን። ጅሎ የነጂባን ሻይ መጠጣት ጀመረ። እኔም በየጠዋቱ ከሽንት ቤት ሲወጣ ፊቱን አያለሁ፤ እሱ ግን ገና ከወተቱ አልጸዳሁም እያለ ቀጠሮ ይሰጠኛል። ሰንበትበት ሲል ፊቱ አመድ መሰለ። ከገበያ ወደ ቤት የምታስወጣውን አጭር ዳገት በአንድ ትንፋሽ ይወጣት የነበረ ሰው መሃል ላይ ድንጋይ ፈልጎ መቀመጥ አመጣ። እህል አስጠላው። እኔ ምን አልኩ? ወተቴን አጥቶ ነው አልኩ! ይበለው፣ ይልመደው እያልኩ በሆዴ ሳቅሁ። ጉልበቱ ብቻ ደህና ነበር። ስንት ወር ሲያነክስበት የከረመው ጉልበት ድንገት ለቆት፣ እንደ ጎረምሳ ቁጭ ብድግ እያለ የፍየል ጭራ ያያል።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሽንት ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት። በሩን ተደግፎ ወጣ።

«እህ?»

«ጥቁር ነው።»

«ምን ዓይነት ጥቁር?»

«ወደ ማርሳቢት በሚሠራው መንገድ ላይ የሚያፈሱት ሬንጅ ዓይነት። ሽታው ደግሞ... ተይኝ እባክሽ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ እግሬ ላይ አንዱ መንገድ ላይ ሆኖ ነጂባ ሻይ ቤት ደረስኩ። «ስሙ!» አልኩ፤ «ጅሎ ወተቴን ካቆመ ሰንብቷል፣ ዛሬም ጥቁር ነው! ወተቴ ንጹሕ ነው!» ሻይ ጠጪው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ያ ኩባያ የነጠቅኩት ሾፌር ሳይቀር ተነስቶ እጅ ነሳኝ። ነጂባም ጭልፋዋን ይዛ «እሰይ እህቴ፣ ወላሂ ደስ ብሎኛል» አለችኝ። ቀጥላ ግንባሯን ቋጠር አደረገችና፣

«ታዲያ ጥቁሩ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

ለወተቴ ጠበቃ ሆኜ ስከርም ይህችን ጥያቄ ወደ ራሴ አላመጣኋትም። ወተቴ ካልሆነ ጅሎ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም።

ጅሎ የሽንት ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ እጁ ግን በረዶ ነው። «ልነሳ ስል ዞረብኝ» አለኝ፣ ጥፋት እንዳጠፋ ሰው ቀስ ብሎ። ሊበን የሚባል ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር የሚነዳ የሠፈራችን ሰው ነበር፤ ጅሎን በእኔና በሊበን መሃል አጣብቀን ወደ ሆስፒታል ከነፍን። በየጉብታው ላይ የጅሎ ራስ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። ወገቡን አንቄ ይዤ «እንዳትለቀኝ» እለዋለሁ፤ የያዝኩት እኔ ሆኜ።

የተቀበለችን ሐኪም ጆይስ ትባላለች፣ ከመሩ የመጣች ወጣት ናት። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ስባ አየች፣ የልቡን ምት ለካች፣ ከዚያ በስዋሂሊ «ምዜ፣ ቾ ራንጊ ጋኒ?» አለችው። የሰገራህ ቀለም ምን ዓይነት ነው ማለቷ ነው። ሰው ሁሉ እያየው የፍየል ጭራ የሚያነሳው ጅሎ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ደህና ነው» አለ።

«ደህና አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ቀለሙን፣ መጣበቁን፣ ሽታውን፣ ከወተቱ ክስ ጋር አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ጅሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋው።

ጆይስ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ማማ፣ ከሰል በብዛት የዋጠ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ ለደም ማነስ የብረት እንክብል የሚወስድም እንደዚሁ። ያንቺ ነጠብጣብ ግን ለዚህ አይበቃም። ከሰል ደግሞ ራስ አያዞርም» አለች። «ይህ ደም ነው።»

«ደም ቀይ ነው» አለ ጅሎ ከባርኔጣው ሥር።

«ከመውጫው አጠገብ ሲደማ ብዙ ጊዜ ቀይ ይሆናል። ከላይ፣ ከጨጓራ ሲደማ ግን በአንጀት ውስጥ ረጅም መንገድ እየሄደ ይለወጣል፤ ሲወጣ ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ ሽታው የከፋ ነው። እንደ ነጭ ጭቃ ቢሆን ደግሞ ጉበትህን ወይም ሐሞትህን እጠረጥር ነበር።»

ጅሎ ባርኔጣውን ከፍ አደረገ። «ነጭም አለ?» አለ፤ በዚያ ሁሉ መሃል የደላላ ነፍሱ ነቅታ።

«አለ። አሁን ንገረኝ፣ ለሕመም የምትውጠው ነገር አለ?»

ጅሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ብዙዎቹ የተፈነቀሉ የእንክብል ማሸጊያ አወጣ። ጉልበቱን ሲያመው ከሱቅ እየገዛ፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ፣ ከሰዓት ደግሞ በጫት ላይ ሲውጠው ከርሟል። «ማጎንበስ ካልቻልኩ ኋላዋን በምን አያለሁ?» አለ። «ጅሎ አረጀ፣ አለቀለት ይሉኛል።» የፍየል ኋላ ለማየት ብሎ የራሱን ጨጓራ አቁስሏል። ልጮህበት አፌን ስከፍት አንጀቴን በላው።

ጆይስ ጨጓራው ሳይቆስል እንዳልቀረ፣ ብዙ ደም እንደፈሰሰውና ደም እንደሚያስፈልገው ነግራን አስተኛችው። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ «ያ ረቢ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የወተቴ ይሁን። ጮጮዬን ሁሉ እሰብራለሁ፣ ሞያሌ ወዲህም ወዲያም ይሳቅብኝ፣ ብቻ የከሰሉ ይሁን።» እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በወተቴ ንጽሕና እልል ያልኩበትን አፌን ጠላሁት።

የገበያው ደላሎች እንደሰሙ መጡ። ደማቸው የገጠመላቸው ሰጡ። ከዚያ ተሰብስበው ክፍሉ ገቡና ሰላም እንኳ ሳይሉት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በአልጋው ግርጌ ዞሩ፤ አጎነበሱ። ሻሮ የሚባለው ትልቁ ደላላ ራሱን እየነቀነቀ «ይህ መኪና ላይ አይወጣም» አለ። ጅሎ የደም ከረጢቱ እስኪወዛወዝ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ሲለቁን ጆይስ እኔን ለብቻዬ ይዛ አስጠነቀቀችኝ። እነዚያን እንክብሎች ዳግመኛ እንዳይነካ፣ የጨጓራ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ፣ ለጉልበቱ እሷው ሌላ እንደምትፈልግለት ነገረችኝ። ጥቁሩ ጥቂት ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ ቀለሙ ካልተለወጠ ወይም ራሱን ካዞረው ግን በሩጫ እንድንመጣ አለች። «እንዳያሳስታችሁ ለጊዜው ከሰል የነካው ወተት ይቅርበት» ብላም ጨመረች። ያልታጠነ ወተት ለሰው ስሰጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ነጭ ብቻ፣ ሽታ የለው፣ ነጠብጣብ የለው። ጅሎ እንደ መድኃኒት ጨልጦ «ይህን የሚጠጣ ሰው አለ?» ይለኛል።

በየጠዋቱ የታጠበ ጮጮ ይዤ ሽንት ቤቱ አጠገብ እንደገና አጥባለሁ። ጅሎ ይወጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ገና ነው» ይላል። አንድ ጠዋት ገብቶ ቆየ። ቆየብኝ። «ጅሎ!» አልኩ። በሩን ደበደብኩ። «ጅሎ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» ጮጮው ከእጄ ወደቀ።

ከውስጥ፣ ፍየል በሚያሻሽጥበት በዚያ በገበያ ድምፁ፣

«ጃለቱ! ቡናማ ነው! አልደረቀም፣ አልላላም! የሰው ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከቆርቆሮው ማዶ ነጂባ እልልታዋን አቀለጠችው። ሻይ ጠጪዎቹ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ምን እንደተፈጠረ ያልገባው አንድ ሾፌርም ከመንገድ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አነባሁ።

ጅሎ ወጥቶ እጁን ታጠበና አጠገቤ ቆመ። ፊቱ የሰው ፊት ሆኗል። «በይ ተነሺ፣ ትንታጉን ለኩሺ» አለኝ። «ከሰሉንም አብዢው።»

ወይራውን አነደድኩ፣ ጮጮውን አጠንኩ፣ ጠዋት ከቦሪ የመጣውን ወተት ገለበጥኩበት። ኩባያውን ተቀብሎ ነጠብጣቡን ትኩር ብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ።

«ገበያ መሃል ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬሻለሁ። አሁን እሄዳለሁ።»

«የትም አትሄድም» አልኩት። «እዚህ አጠገቤ ቁጭ በልና ወተትህን ጠጣ።»